ዐፄዎቹም ዜና መዋዕል ያሻቸዋል

ባለፈው ሰንበት ከቀትር በኋላ፣ ማራኪ ከሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ነበር። ቤቱ ጠባብ፣ ወንበሩ ጥቂት፣ ሰዉ ግን ብዙ ነው። በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የታየው ጨዋታ ካበቃ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ ዳሩ ግን ለመሄድ የተነሣ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ዋናው ጨዋታ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነውና። አንድ ተማሪ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ለመሆኑ ፋሲል ከነማ ከተመሠረተ ጀምሮ ከተጫወቱለት ሁሉ ታላቁ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ይህን ጥያቄ በጎንደር ከተማ ጮክ ብሎ መጠየቅ በበጋ ሣር ላይ ክብሪት መጫር ነው።

«ሙጂብ ቃሲም ነዋ! ኳስ ማለት ጎል ነው፤ ጎሉን ያገባልን እሱ ነው» አለ አንዱ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ኳሱን አምጥቶ እግሩ ሥር የሚያስቀምጥለት ሱራፌል ዳኛቸው ባይኖር ምን ሊያገባ ኖሯል?» አለ። ሦስተኛው በክንፍ በኩል ስለሚሮጠው ስለ ሽመክት ጉግሳ፣ አራተኛው ከማሊ ድረስ መጥቶ በራችንን ስለ ጠበቀው ስለ ሳማኬ ሚኬል፣ አምስተኛው ደግሞ አምበላችን ስለ ነበረው ስለ ተከላካዩ ያሬድ ባዬ ተከራከረ። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ተናጋሪ፣ ሰሚው የቤቱ ባለቤት ብቻ ሆነ።

በዚህ መካከል ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እናንተ ልጆች፣ ያያችሁት የትናንቱን ነው። ጨዋታችን በቴሌቪዥን መታየት ሳይጀምር በዚህ ከተማ አንድ ልጅ ነበረ። ኳስ ሲይዝ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣ ነበር» አሉ።

«አባባ፣ ስንት ጎል አገባ?» አላቸው አንዱ ወጣት።

«እኔ ላይ ነው እንጂ ልቆጥር አልሄድኩም።»

«እሺ ስሙስ ማን ይባላል?»

ሽማግሌው ሰው ሁሉ ይጠራበት የነበረውን የቅጽል ስሙን ተናገሩ። «የአባቱስ ስም?» ተባሉ። ዝም አሉ። ግንባራቸውን አሹት፤ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ በመጨረሻም «አይ እርጅና!» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሣቀ። ለምን እንደብቃለን፣ እኛም አብረን ሣቅን።

ወደ ቤታችን ስናዘግም ግን ሣቃችን መንገድ ላይ ቀረ። በዚያ ቤት ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ያን ዘመን በዓይኑ አይቶ ሊመሰክር የሚችል እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኛም ያለንን አንድ ምስክር በሣቅ አባረርነው። ስንት ሕዝብ ያጨበጨበለት ሰው፣ ያዩት ሰዎች ዕድሜ እንኳ ሳያልቅ የአባቱ ስም ከጠፋ፣ ጥፋቱ የሽማግሌው ነውን? ወይስ ያየውን ሁሉ ለቃል ብቻ የሚተወው የሁላችንም ነው?

አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ወጣቱ ጊዜውን በኳስ ወሬ ይገድላል ሲሉ እንሰማለን። በዚህ አንስማማም። ጎል አግቢውንና ኳስ አቀባዩን፣ ሥራው የሚታየውንና ሥራው የማይታየውን አነጻጽሮ ለመፍረድ የሚሞክር ወጣት፣ ሳያውቀው ሚዛን መያዝ እየተማረ ነው። ነገ በቢሮ ተቀምጦ የባልደረቦቹን ሥራ እንዲመዝን ይጠየቃል። በዚያን ጊዜ ብዙ የሚያወራውን ብቻ ሳይሆን ዝም ብሎ የሚሠራውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ክርክሩን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ማስረጃ የሌለውን ክርክር ነው፤ ማስረጃ ሲያልቅ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ድምፅ ሲያልቅ ደግሞ ስድብ ይጀመራል።

የማስረጃውን ነገር በቅርቡ ዘመን እንኳ እንመልከተው። ፋሲል ከነማ በፕሪምየር ሊጉ መጫወት የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. ለሊጉ ዋንጫ እስከ መጨረሻው ዕለት ታግሎ ሁለተኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ግን የኢትዮጵያን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያም በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 ከረታ በኋላ፣ በመልሱ ጨዋታ ዳሬ ሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። ይህ የሆነው ትናንት ነው ሊባል ይቻላል። ሆኖም በሻይ ቤቱ ውስጥ የባሕር ዳሯን ጎል ማን አገባት ተብሎ ቢጠየቅ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ወገን «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ማለ።

የ2012ቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የዚያ ዓመት ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳያልቅ ተሰረዘ። ታዲያ ሙጂብ በዚያ ዓመት ያገባቸው ጎሎች ይቆጠሩለት ወይስ አብረው ይሰረዙ? ውድድሩ ቢሰረዝም ኳሷ መረብ ውስጥ መግባቷ አልተሰረዘም የሚሉ አሉ፤ ዋንጫ ያልተሰጠበት ዓመት ጎሉም ጎል አይባልም የሚሉም አሉ። ሁለቱም መልስ የሚገባው ነገር ይናገራሉ። ነገር ግን ቀኑን፣ ተጋጣሚውንና ደቂቃውን ጽፎ የያዘ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

ታላቁ ዓመት 2013 ዓ.ም. ነው። በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪምየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ የተደረጉት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር። እንግዲህ የጎንደር ሕዝብ የዕድሜውን ዋንጫ ያየው በፋሲለደስ ስታዲየም ተቀምጦ ሳይሆን፣ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተጨናንቆ ነው። ቴሌቪዥን ደግሞ ኳሷ የሄደችበትን ያሳያል እንጂ፣ ኳሷ ከሌለችበት ቦታ ጓደኞቹን እየጠራ የሚያሰልፈውን ተከላካይ ብዙም አያሳይም። በስክሪን ያየ ወጣትና በሜዳ ያየ ሽማግሌ ስለ አንድ ተጫዋች የማይግባቡት አንዱ ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም፤ የተቀመጡበት ቦታ ስለሚለያይ ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ረገድ አይጣላም ማለታችን አይደለም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሜሲ ለባርሴሎና 644ኛውን ጎል ባገባ ጊዜ፣ ፔሌ ለሳንቶስ ካገባቸው 643 ጎሎች በለጠ ተባለ። ሳንቶስ ግን የወዳጅነት ጨዋታዎቹ ተደምረው የፔሌ ጎሎች 1,091 ናቸው ሲል ተቃወመ። ልብ እንበል፤ ጠቡ የተነሣው ምን ይቆጠር በሚለው ላይ ነው። የእኛ ጠብ ግን ምን ነበር በሚለው ላይ ነው። እነርሱ መዝገብ ዘርግተው ይከራከራሉ፣ እኛ ጠረጴዛ እየደበደብን።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ታዝበናል። ማስረጃው ባነሰ ቁጥር ክርክሩ ከሜዳው እየወጣ ወደ ትውልድ ቦታ ይሄዳል። አንዱ ወጣት «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ብሎ ተረተና፣ ታላቅ ሊባል የሚገባው እዚሁ የተወለደ ነው አለ። ተረቱ ለእርሻ ይሠራል፤ ለኳስ ሜዳ ግን አይሠራም። ከማሊ የመጣው በረኛ ቀዩንና ነጩን መለያችንን ለብሶ ኳስ ላይ ሲወድቅ፣ የወደቀው ለጎንደር ነው። ሙጂብ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሲዛወር፣ በማራኪ ያዘነው ሕዝብ የት ተወለደ ብሎ አልጠየቀም። ጥንትም ቢሆን ጎንደር ነጋዴውን፣ ሊቁንና የእጅ ባለሙያውን ከየአገሩ ተቀብላ ያስተናገደች ከተማ ናት። የመጣውን በሥራው መመዘን የእርሷ ወግ ነው።

የተጻፈ ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከራሳችን ታሪክ እንረዳለን። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ መውሰዷን ዛሬ ያልተወለደው ሁሉ ያውቃል። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ጎል ማግባታቸውም የታወቀ ነው። በመንግሥቱና በሉቻኖ መካከል ማን ይበልጣል ብለን ዛሬም ልንከራከር የምንችለው ስማቸውና ሥራቸው ስለ ተጻፈ ነው። የይድነቃቸው ተሰማንም ታሪክ ልጃቸው ታደለ በመጽሐፍ ስላሰፈሩት፣ በዘመናቸው ያልነበርን እኛ እንደ ዘመድ እናውቃቸዋለን።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጎንደሬ ከሌላው ይልቅ ሊያፍር ይገባዋል። የቡድናችንን ተጫዋቾች ዐፄዎቹ ብለን እንጠራለን። የጥንቶቹ የጎንደር ነገሥታት ግን ጸሐፊ ነበራቸው። የዐፄ በካፋን ዜና መዋዕል የጻፉት አዛዥ ሲኖዳ ባይኖሩ፣ የዚያ ዘመን ታሪክ ምን ያህል በጨለመብን ነበር! በአንጻሩ ግንቡን ያሠራው የንጉሥ ስም ሲታወቅ፣ ድንጋዩን ጠርበው ኖራውን ለውሰው ያነጹት የብዙዎቹ ግንበኞች ስም አልደረሰንም። የሽማግሌው ተጫዋች ዕጣ የእነዚያ ግንበኞች ዕጣ እንዳይሆን እንሠጋለን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን ናቸው፤ እኛ ግን ተረቱን በቃል ይዘን ተቀመጥን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነገሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በማራኪ ታሪክና ጋዜጠኝነት የሚማሩ ወጣቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጡ ሩቅ ከሚሄዱ፣ ደብተር ይዘው ከእነዚህ ሽማግሌዎች አጠገብ ይቀመጡ። በስፖርት ሥራ የተመደበ ወጣት ሹምም የእያንዳንዱን ጨዋታ ቀን፣ አሰላለፍ፣ ጎል አግቢና ዳኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ቢያኖር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ወረቀት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ደጋፊውም በየስልኩ የያዘውን ፎቶግራፍ መች እንደ ተነሣና በውስጡ ያሉት እነማን እንደሆኑ ይጻፍበት። ኪሳችን በሥዕል ተሞልቷል፤ ስም ያልተጻፈበት ሥዕል ግን ከአንድ ትውልድ በኋላ የማይታወቁ ሰዎች ፊት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ «እናንተስ ማንን ትመርጣላችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መሸሽ አይገባንም። እስካሁን በዓይናችን ካየናቸው መካከል ድምፃችንን የምንሰጠው ለያሬድ ባዬ ነው። አጥቂ ያገባው ጎል በሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ተከላካይ ያስቀረው ጎል ግን የትም አይጻፍም። በቁጥር የማይያዝ ሥራ የሠራ ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ምስክር ያስፈልገዋል። ይህ የእኛ ድምፅ ነው፤ ተሳስታችኋል የሚለን ቢኖር ማስረጃውን ይዞ ይምጣ፣ ሻዩን እኛ እንከፍላለን።

ይሁን እንጂ ያላየናቸውን ሳንሰማ ፍርዱን አንዘጋም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሰንበት ወደዚያው ሻይ ቤት እንመለሳለን። ሽማግሌውን በሣቅ ስለ በደልናቸው ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ከአጠገባቸውም ተቀምጠን አዲስ ደብተር እንከፍታለን። በመጀመሪያው መሥመር ላይ የዚያን ልጅ የቅጽል ስም እንጽፋለን፤ ከጎኑም ለአባቱ ስም የሚበቃ ባዶ ቦታ እንተዋለን። በዚህ ከተማ ያን ስም የሚያስታውስ አንድ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ቶሎ ከጠየቅነው።