ባዶው ወንበር የማን ነው?



በሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያለውን ሩጫ የማያውቅ የለም። አባት ልጁን ሰርቪስ ላይ ያሳፍራል፤ እናት የምሳ ዕቃውን ታቀብላለች። ለደብተሩ፣ ለዩኒፎርሙ፣ ለክፍያው ሲባል ብዙ ቤተሰብ ከአፉ ይቀንሳል። ይሁንና ያው ትምህርት ቤት "ወላጆች ለስብሰባ" ብሎ ሲጠራ አዳራሹ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ገንዘቡን ያልሰሰተ ወላጅ ድምፁን ይሰስታል! ታዲያ ይህ ምን ይባላል?

ብዙዎቻችን የወላጅና መምህራን ኅብረትን፣ በአጭሩ ወመህ የምንለውን፣ የመዋጮ ኮሚቴ አድርገን እናየዋለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩና እንዲቆጣጠሯቸው ደንግጎ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች በአስተዳደሩ እንዲሳተፉ አለ። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የአመራር፣ የአደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ለኅብረቱ የሥራ ድርሻ ሰጠው። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ደግሞ ከአራቱ ዓበይት ጉዳዮቹ አንዱን የኅብረተሰብ ተሳትፎ አደረገ።

ልብ በሉ! እነዚህን ዓመታት የቆጠርነው ወንበሩ የርዕሰ መምህሩ ችሮታ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። የዓመቱን ዕቅድ ማየት፣ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ የት እንደ ዋለ መጠየቅ፣ የተማሪንም የመምህርንም ሥነ ምግባር መከታተል፣ ትምህርት ያቋረጠው ልጅ እንዲመለስ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ የወላጅም ሥራ ነው።

አንዳንዱ ወላጅ "እኔ ምን አውቃለሁ? መምህሩ ያውቃል" ይላል። ወንድሜ፣ ሒሳብ አስተምር ያለህ የለም! የመስጂዱ ጣሪያ ሲሠራ ግንበኛ ሳትሆን "ስንት ቆርቆሮ ተገዛ? የተረፈው ብር የት ነው?" ብለህ ትጠይቅ የለምን? ማታ መድረሳ መጥተህ "ልጄ ቃዒዳውን ጨርሶ ቁርኣን ጀመረ ወይ?" ብለህ ኡስታዙን ታፋጥጥ የለምን? ኡስታዙን የጠየቀ አንደበት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሲደርስ ለምን ይታሰራል? በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደ ታጨቀ፣ የልጃገረዶች መጸዳጃ ቤት ውኃ እንዳለው፣ መምህር ከጠፋ ስንት ሳምንት እንደ ሆነው ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ሌላው "ጊዜ የለኝም" ይላል። ለዕድር፣ ለሠርግ ኮሚቴ፣ ለዕቁብ ጊዜ እናገኛለን። እነዚህ መልካም ናቸው። ነገር ግን ልጅ በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚውልበት ቤት በዓመት ሁለት ሦስት ከሰዓት በኋላ ቢጠይቀን በዛ ማለት ነውን?

ፍርዱ በወላጅ ላይ ብቻ አይደለም። ስብሰባውን በሥራ ሰዓት፣ አንዳንዴም ዓርብ በጁሙዓ ሰዓት የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ውሳኔውን ጨርሰው፣ ቃለ ጉባኤውን ጽፈው፣ ወላጁን ለፊርማ ብቻ የሚፈልጉ አሉ። የማይናገረውን ሰው መርጠው "ተወካያችሁ ይህ ነው" የሚሉም አሉ። ወላጅን ክፍያ ሊጨምሩ ሲያስቡ ብቻ የሚያስታውሱ የግል ትምህርት ቤቶችም አይታጡም። ይህ ምክክር ሳይሆን ማኅተም ፍለጋ ነው። ግን አበው "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም" ይላሉ። የናቁን ቀርተን ስላገኙን ነው።

ሕግ ብቻውን ወንበር አይሞላም። በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ እያንዳንዱ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ አባላት ያሉት ምክር ቤት ተሰጠው፤ ስድስቱ ወላጆች፣ ሁለቱ የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ሁለቱ መምህራን፣ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ነበሩ። ወላጆች ብዙኃን ሆኑ፤ ምክር ቤቱ ርዕሰ መምህር እስከ መምረጥና በጀት እስከ ማጽደቅ ሥልጣን አገኘ። በ1989 የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ሕዝቡ በብዛት ወጣ። ከዓመታት በኋላ ግን መራጩ ሳሳ፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶችም ዕጩ ጠፍቶ ወንበር ክፍት ቀረ። ወንበሩ ነበር፤ የጎደለው ሰው ነው።

ከእኛም መካከል "የእኛ ቦታ መድረሳው ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሌሎች ነው" የሚል አይጠፋም። ይህ አደገኛ ንግግር ነው። ጾመኛው ልጅ በረመዷን የስፖርት ክፍለ ጊዜውን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ ፈተናው ከዒድ ጋር እንዳይጋጭ ቀድሞ የሚነገረው እዚያ ስብሰባ ላይ ነው። ከውጭ ቆሞ ማጉረምረም ማንንም አልጠቀመም። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ ስሙ "አሽ-ሹራ"፣ ምክክር፣ ሆኖ ሳለ ከምክክር የምንሸሸው በምን ምክንያት ነው? ደግሞም ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ለራስህ ልጅ ብቻ አትቀመጥም፤ የክርስቲያኑ ጎረቤትህም ልጅ አማና ነው። የሰሚት ሰው በዕጣ ከየሰፈሩ የተሰባሰበ ነው፤ ፎቅ ለፎቅ ሳይተዋወቅ ዓመታት ያልፋሉ። የሚያገናኘው የልጆቹ ትምህርት ቤት ከሆነ ይህን ዕድል ማባከን አይገባም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስብሰባ ሲጠራ እንሂድ፤ ሰዓቱ ካልተመቸ ለቅዳሜ ይዛወርልን ብለን በጽሑፍ እንጠይቅ። የዓመቱን ዕቅድና የገንዘቡን ወጪ እንይ። ምርጫ ሲደረግ ዝም የሚለውን ሳይሆን የሚጠይቀውን እንምረጥ፤ እናቶችንም እንምረጥ፣ የልጁን ደብተር በየማታው የምትገልጠው ብዙ ጊዜ እናት ናትና። የተመረጠው ሰውም የተወሰነውን ተመልሶ ለመረጡት ይንገር፤ የማይናገር ተወካይ ከባዶ ወንበር አይሻልም።

ወላጅ ሆይ! አንተ ያልተቀመጥክበት ወንበር ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ስለ ልጅህ ይወስናል። አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።