በጥቂት ገንዘብ ለቤት የሚሆን የድምፅ መሣሪያ ስለ መምረጥ

በዱከም ከሚኖሩ ወዳጆቻችን አንዱ በቅርቡ አንድ ምክር ጠይቀውን ነበር፤ ነገሩ የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ለተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ልናካፍለው ወደድን። እኒህ ሰው በደመወዝ የሚተዳደሩ፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩና አረጋዊት እናታቸውን የሚጦሩ ናቸው። ቤታቸውም ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው በአሮጌው መንገድ ዳር ነው። የዕቁብ ዕጣ በደረሳቸው ጊዜ፣ በዚያ ላይ ብድር ጨምረው፣ ሆም ቲያትር የሚባለውን ባለ አምስት ስፒከርና ባለ አንድ ቤዝ መሣሪያ ሊገዙ አሰቡ። ምክንያታቸውም የሚነቀፍ አልነበረም። እናታቸው ማታ ማታ ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጡና ጥቂት ቆይተው «እኔስ ጫጫታው እንጂ ቃሉ አይሰማኝም» ብለው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር።

እኛም፣ የድምፅ መብዛትና የድምፅ መጥራት አንድ አይደለም ብለን መለስንላቸው። ሰው በዕድሜ ሲገፋ አስቀድሞ የሚደክመው ቀጫጭኑን ድምፅ የሚሰማበት ኃይል ነው። እንደ ሰ፣ ሸና ፈ ያሉት ድምፆች ቀጫጭንና ደካሞች ስለ ሆኑ ቀድመው ይጠፋሉ፤ ቃልን ከቃል ለመለየት የሚረዱት ግን እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ቤዙን ቢያበረቱት ቤቱ ይንቀጠቀጣል እንጂ ቃሉ አይጠራም። እንግዲህ ከገበያ በፊት የሚቀድመው ወደ ሐኪም መሄድ ነው። እኒህ እናት በታዩ ጊዜ ባንደኛው ጆሯቸው ኩክ ተጋግሮ ተገኘና ወጣላቸው፤ የቀረው የእርጅና ድካም ነው ተባለ።

መሣሪያውን በሚመለከት፣ ስፒከር መደርደር ለቤት ግድ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በፊት በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ በተተከለበት ዘመን፣ የአገራችንም ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረ ጊዜ፣ ወሬው ሁሉ የተሰማው በአንድ ስፒከር ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን በ1931 እ.ኤ.አ. ስለ ሁለት መንገድ ድምፅ የፈጠራ መብት ሲጠይቅ፣ ካሰባቸው ነገሮች አንዱ በሲኒማ የተዋናዩ ድምፅ ሥዕሉን ተከትሎ እንዲሄድ ነበር፤ ለዚህም ሁለት ስፒከር በቅቶታል። ብዙ ስፒከር በዙሪያው መትከል የተጀመረው ሰፊ ለሆነው ለሲኒማ አዳራሽ ነው። በየቤቱ እንደምናየው ግን አምስቱም በቡፌው ላይ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ እንዲህ ከሆነ ገንዘቡ የወጣው በከንቱ ነው። ደግሞም በዲሽ ከሚመጣው ፕሮግራም ብዙው በሁለት መንገድ ብቻ የሚላክ ስለ ሆነ፣ የኋለኞቹ ስፒከሮች የራሳቸው የሆነ የሚናገሩት ነገር የላቸውም።

ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ሰው ምክራችን ይህ ነው።

አንደኛ፣ በአምስት ደካማ ስፒከሮች ፈንታ ሁለት ደኅና ስፒከሮችና አንድ አምፕሊፋየር ይግዛ፤ ቤዙ ለሌላ ዓመት ይቆይ። ቦታ የጠበበው ሳውንድ ባር የሚባለውን ቢገዛ፣ ለንግግር የተለየ ማስተካከያ ያለውን ይምረጥ።

ሁለተኛ፣ በካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው የዋት ቍጥር አይታለል። ፒ ኤም ፒ ኦ ተብሎ የሚጻፈው ለማስታወቂያ የተጋነነ ነው፤ የሚታመነው አር ኤም ኤስ የተባለው ነው። እርሱም ቢሆን ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዋቱ ዐሥር ያህል እጥፍ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ አስቀድሞ ይመልከት። ኤችዲኤምአይ አርክ ወይም ኦፕቲካል የተባለው መሰኪያ መኖሩን ሳያረጋግጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ይደርስበታል።

አራተኛ፣ በሱቅ ውስጥ ዘፈን አስከፍቶ አይመርጥ። የዜና አንባቢ ንግግር ያስከፍት፤ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ ዐይኑን ጨፍኖ እያንዳንዱ ቃል ይሰማው እንደ ሆነ ይመርምር።

አምስተኛ፣ ቤቱን ያሰናዳ። ባዶ የሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን መልሰው ስለሚያስተጋቡ ቃሉ ይደባለቃል፤ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይህን ያለዝባሉ። ሁለቱን ስፒከሮች በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ፣ ከማዕዘን አርቆ ያስቀምጥ፤ የሁለቱም ርቀት እርስ በርሳቸውና ከሰሚው ዘንድ እኩል ይሁን፤ ለትንሽ ክፍል ሁለት ሜትር ያህል ይበቃል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ ከገንዘቡ ጥቂቱን ለስታቢላይዘር ያስቀር፤ ኃይሉ ድንገት ሲመጣ የተቃጠለ ዕቃ የድካምን ሁሉ ዋጋ ያጠፋልና።

ወዳጃችን ምክሩን ተቀብለው ሁለት ስፒከሮችና አንድ ያገለገለ አምፕሊፋየር ገዙ፤ ምንጣፉም ከመኝታ ቤት ወጥቶ በሳሎን ተነጠፈ። ብድሩ ቀረ፤ ከዕቁቡም የተረፈው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ተከፈለ። ልጆቹ ለጥቂት ቀን ቤዙ በመቅረቱ አጕረመረሙ። አያታቸው ግን አሁን ድራማው እስኪያልቅ ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ያመለጠውን ቃል ለልጆቹ የሚነግሩ እርሳቸው ሆነዋል።

በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን እውነቱን ለመናገር ምንም መሣሪያ አይረዳም። ያን ጊዜ በዚያ ቤት ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ቡና ያፈላሉ። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ ከዝናብ ጋራ በድምፅ መፎካከር መሣሪያንም ጆሮንም ይጎዳል፤ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነውንም ጎረቤት ያስቀይማል። ለቤት የሚሆን የድምፅ መሣሪያ ማለት፣ ከቤተ ሰቡ መስማት የደከመው ሰው ሳይቸገር የሚሰማበትና ባለቤቱም በዕዳው ሳይጨነቅ የሚያድርበት ነው።