ከመስኮት የሚታየው አረንጓዴ

ቡሄ ከቅዳሜና እሑድ ጋር የገጠመ እንደሆነ ከማደሪያችን ግማሹ አልጋ ባዶውን ያድራል። የእስቴው፣ የጋይንቱ፣ የስማዳው ልጅ ሙልሙሉን ከእናቱ እጅ ሊቀበል ከሌሊት ጀምሮ መናኸሪያ ይሰለፋል። «ፈተና እየደረሰ አገር ቤት ምን ያስኬዳል?» የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ በበኩሌ ሂዱ ባይ ነኝ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ የማይታወቅበት ጊዜ በዝቷልና መሄድ የተቻለ ዕለት መሄድ ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ተመልሰን «መንገዱ እንዴት ነበር?» ስንባል የሁላችንም መልስ አንዲት ቃል ናት፤ «ያምራል!»

ያምራል፤ ማን ካደ? ነሐሴ ላይ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ያጣል። ታዲያ አስተማሪ ለመሆን የምንሠለጥን ሰዎች ስልክ አውጥተን ፎቶ ካነሳን በኋላ እንቅልፋችንን የምንለጥጥ ከሆነ፣ ከጋቢና ከተጫነው ጆንያ በምን ተለየን?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ጉማራን፣ ከጎንደር የሚመጣ ደግሞ ርብን ሳይሻገር ወረታ አይገባም። ሁለቱም ወንዞች የሚነሱት ከየት ነው? ከጉና ነው። ሁለቱም የሚገቡት ጣና ነው። በጣና በኩልም አባይ ይሆናሉ። በቅርቡ እዚሁ ግቢ ለዘጠኝ ጓደኞቼ ይህንኑ ጥያቄ አቅርቤ ነበር፤ በትክክል የመለሱልኝ ሁለት ብቻ ናቸው። ሴባስቶፖል ጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ መጎተቱን ግን ዘጠኙም ያውቃሉ። መድፉን ማወቃቸው መልካም፤ የሚጠጡትን ውሃ አለማወቃቸው ግን ይገርማል።

በዚህ ወር የጉማራን ድልድይ ስትሻገሩ ውሃውን እዩት። ወተት እንደገባበት ሻይ ነው። ያ ቀለም ዝም ብሎ ቀለም አይደለም፤ ከፋርጣና ከእስቴ ተዳፋት ማሳዎች ታጥቦ የወረደ አፈር ነው። አባቶቻችን በሰኔ አርሰው የዘሩበት አፈር፣ በነሐሴ እኛ በምንሳፈርበት አውቶቡስ ሥር ያልፋል ማለት ነው። ታች ያለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያበቅለው ከላይ በሚወርደው ውሃና ደለል ነው። ያው ውሃ ሲበዛ ደግሞ ቤት ይዞ ይሄዳል፤ በ1998 ዓ.ም ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰውን ጎርፍ ታላላቆቻችን አይረሱትም። የደጋው ሰው መሬቱን አጣ፤ የሜዳው ሰው ቤቱን አጣ። ይህን የመሰለ ትምህርት የትኛው መጽሐፍ ላይ ይገኛል?

ደግሞ አረንጓዴው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ ሲኬድ ጉና በስተግራ ነው፤ ነሐሴ ላይ ግን ጉሙን ተከናንቦ ስለሚውል መኖሩንም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ኮረብታውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። ለአጣናና ለማገዶ ተሽጦ ግብርና ማዳበሪያ የሚከፈልበት፣ የገበሬው የቁጠባ ደብተር በሉት። እውነተኛውን የአገሩን ደን የምናገኘው ጽዱና ወይራው ባልተነካበት በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። «እመጓ»ን ያነበባችሁ ሁሉ ደራሲውን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ታውቃላችሁ፤ ሰውየው ለዶክትሬታቸው ያጠኑት እነዚህኑ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። እኛ በአጠገባቸው እያንኮራፋን እናልፋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አገሩ እጅግ የሚያምርበት ወር ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወር ነው። ያምናው እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። ድንች የደረሰለት ደጋ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ሌላው ወይ ይበደራል ወይ በግ ይሸጣል። በ1997 ዓ.ም ሴፍቲኔት ሲጀመር ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ የገቡበት ያለ ምክንያት አልነበረም። በነሐሴ ስማዳን በመስኮት ያየ መንገደኛ ግን «ይሄ አገር እንዴት ይራባል?» ቢል አይፈረድበትም። ቡቃያ ዓይን እንጂ ሆድ አይሞላም።

በቡሄ ማታ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሲመጡ የሚሰጣቸውን ሙልሙል ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በደህና ዓመት ክንድ የሚያህለው ሙልሙል በክፉ ዓመት መዳፍ ያክላል። እናቶች ስለዚህ ነገር አያወሩም፤ ዱቄቱ ግን ይናገራል። እኛ ደግሞ ነገ የምናስተምረው እነዚያኑ ጨፋሪ ልጆች ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግማሾቹ አይመጡም፤ አንዱ ከዝንጀሮ እህል ይጠብቃል፣ አንዱ ደብተር መግዣው እስኪገኝ ይቆያል። የመንገዱን አረንጓዴ ብቻ ያየ መምህር «ሰነፍ ነው» ብሎ ቀሪ ያደርገዋል። ከሥሩ ያለውን ያየ መምህር ግን ልጁ ቤት ድረስ ይሄዳል፤ ቢያንስ ይጠይቃል።

አንዳንዱ «እኔ የሒሳብ ሠልጣኝ ነኝ፣ ጂኦግራፊ ምን አገባኝ?» ይለኝ ይሆናል። እንዴ! አንድ ጎተራ ስንት ቁና ጤፍ ይይዛል፣ ስድስት ሰው ለስንት ወር ይመግባል ማለትስ ሒሳብ አይደለም? ለአካባቢ ሳይንስ ሠልጣኝማ መንገዱ ራሱ የመርጃ መሣሪያ ነው፤ ካርቶን መቅደድም ቀለም መግዛትም አያሻውም።

ስለዚህ ሐሳቤን ላቅርብ። ለቡሄ የሚሄድ ሁሉ ሲመለስ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ይዞ ይምጣ። የተሻገረውን ወንዝ ስም፣ ወንዙ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ እንዲሁም ከሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ጠይቆ ዘንድሮ ጎተራቸው በየትኛው ወር ባዶ እንደሆነ ይጻፍ፤ የሰዎቹ ስም አያስፈልግም። ጋይንቶች በወረታ ወልድያ መንገድ ስለምትቀጥሉ የጉናን ሌላ ወገን የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ የናንተን አጥብቀን እንጠብቃለን። መምህራኖቻችንም አገር ቤት አላቸውና ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። ከስፖርት ዜናው በታች ያለው ባዶ ቦታ ለዚሁ እንዲሆን የዝግጅት ክፍሉን ጠይቄ እሺ ብለውኛል፤ ሙጫው ከኔ ነው።