የጡረታ ቤት በእግሩ ይመዘን

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ በመደበኛነት በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ቤት ሳይሠራ ለዚህ ዕድሜ የደረሰ ሰው ያለው አቅም በአብዛኛው የቆጠበው ጥሪት ብቻ ነው፤ ወርኃዊው አበል ከዕለት ወጪ አልፎ ለግንባታ እምብዛም አይተርፍም። ስለዚህም በትናንሽ ከተሞች ብዙዎች በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተዋቅሮ በጭቃ የሚመረግ ቤት ይሠራሉ። ይህ ምርጫ «ለጊዜው» ተብሎ ሲናቅ ይሰማል። ሆኖም የእንጨትን ቤት ጊዜያዊ የሚያደርገው እንጨቱ ሳይሆን አተካከሉ ነው።

በተለመደው አሠራር ቋሚው በቀጥታ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል። ከአፈሩ ገጽ አጠገብ እርጥበትና አየር አብረው ስለሚገኙ እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች በዚያ ይራባሉ፤ ምስጥም ሳይታይ ከሥር ይገባል። እግሩን የተቃጠለ ዘይት መቀባት ጉዳቱን ቢያዘገይ እንጂ አያስቀረውም። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ይህን በግልጽ ያሳያል። ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ሲሠራ ግን እጅግ ከፍ ተደርጎ ስለሆነ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። ሠሪው እርጅናውን አስቀድሞ አስልቶታል። የጡረተኛው የባሕር ዛፍ ቤት ግን ለማጠር የሚተርፍ ቁመት የለውም፤ እግሩ ሲበላ ይዘማል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተረፉት የእንጨትና የጭቃ ቤቶች መካከል በድንጋይ መሠረት ላይ የቆሙና ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ያላቸው ይገኛሉ። መሠረቱ እንጨቱን ከአፈር ይለያል፤ ክፈፉ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል። እንግዲህ ገንዘብ ሲያጥር መቆየት ያለባቸው ልስኑና ቀለሙ ናቸው፤ መሠረቱና ጣሪያው ግን ሊጓደሉ አይገባም።

የብሎኬት ቤት ይበልጥ ይጸናል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በአግባቡ ለተጠናቀቀ ቤት ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በሲሚንቶና በብረት ዋጋ ምክንያት በጅምር የቀረ ቤት አዛውንትን አያስጠልልም። በእንጨት ቤት የተጎዳው ቋሚ ብቻ ተለይቶ ሊተካ ይችላል፤ ጭቃውም በየጊዜው በአነስተኛ ወጪ ይመረጋል። አነስተኛ ቋሚ ገቢ ላለው ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የአካል አቅምም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ መግቢያ እንዲኖር የደነገገው ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ነው፤ የግል ቤት ለባለቤቱ አርቆ ማሰብ ተትቷል። መሠረቱ ከፍ ሲል ደረጃ ይመጣል፤ ስለዚህ ከመነሻው በደረጃ ፈንታ ዘቅዛቃ መወጣጫ፣ ሰፋ ያለ በርና ከመኝታ ክፍል የማይርቅ መጸዳጃ መታቀድ አለባቸው።

የከተማ አስተዳደሮች የእንጨት ቤትን ከመናቅ ይልቅ እነዚህን ያሟላ ቀላል ዓይነተኛ ንድፍ ቢያዘጋጁ፣ ጡረተኛው ጥሪቱን ከምስጥና ከጎርፍ ያድናል። በ60 ዓመት የተሠራ ቤት ባለቤቱ 75 ሲሞላው እንደገና ሠሪ መፈለግ የለበትም።