ዘፈኑን ወደዱት፣ ቋንቋውን ከክፍል አስወጡት

አንድ ዘፈን አለ፤ ከ1991 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብዙ አገር የተጨፈረበት። ርዕሱ «ትሪቲ» ይባላል፤ የስምምነት ውል ማለት ነው። የተጫወተው «ዮቱ ዪንዲ» የተባለ፣ ከሰሜን አውስትራሊያ ከአርነም ላንድ የመጣ፣ የዮልንጉ ተወላጆችና ነጮች አብረው የሚሠሩበት ባንድ ነው። ለጭፈራ ቤት ተብሎ በተሠራው ሪሚክስ የዘለለ ሰው ሁሉ ግን ዘፈኑ አቤቱታ መሆኑን ያወቀ አይመስለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1988 የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ ባሩንጋ ላይ የነባር ሕዝቦቹን ጥያቄ ተቀብለው «እስከ 1990 ውል እንዋዋላለን» ብለው ቃል ገቡ። 1990 መጣ፤ ሄደም። ላም አለኝ በሰማይ! ባንዱ የተበላውን ቃል በዘፈን ጠየቀ። ዘፈኑ ተወደደ፣ ተሸለመ። ውሉ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ እስከ ዛሬ አልተፈረመም።

ጠባችን እዚህ ላይ ነው። ነባር ሕዝቦችን «ማክበር» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ቀለም የተቀባ ፊት፣ መድረክና ጭብጨባ ነው። እኛ ግን እንላለን፦ ዘፈኑን እያጨበጨበ ዘፈኑ የተዘፈነበትን ቋንቋ ከክፍል የሚያስወጣ ባህል አላከበረም፤ ጌጥ አደረገው እንጂ።

ማጋነን ይመስላል? ታሪኩን እንይ። በ1963 መንግሥት የዮልንጉን መሬት ቆርሶ ለቦክሳይት ማዕድን ሲሰጥ፣ የይርካላ ሰዎች በሥዕል ባጌጠ የዛፍ ቅርፊት ላይ በራሳቸው ቋንቋና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አቤቱታ ለጥፈው ለፓርላማ ላኩ። ዛሬ ቅርፊቶቹ በፓርላማው ሕንፃ ውስጥ በክብር ይታያሉ። መሬቱስ? ተቆፈረ። ፍርድ ቤትም በ1971 በዮልንጉ ላይ ፈረደ። አቤቱታውን በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ ጥያቄውን መጣል ማለት ይኼ ነው።

የባንዱ መሪ ማንዳውይ ዩኑፒንጉ የዚያችው የይርካላ ልጅ ነበር። ብዙዎች የሚረሱት ነገር ግን አለ፦ ሰውየው መምህር ነበር። ከአርነም ላንድ ነባር ሕዝብ የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያገኘ፣ በ1990 የይርካላ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የሆነ ሰው። የትምህርት ሐሳቡን የሚያስረዳው «ጋንማ» በሚባል የዮልንጉ ምሳሌ ነበር፤ የወንዝ ውሃና የባሕር ውሃ የሚገናኙበት ቦታ። አንዱ ሌላውን አያጠፋም፤ ይቀላቀላሉ። ለእሱ ዘፈኑና ጥቁር ሰሌዳው አንድ ሥራ ነበሩ። አድናቂዎቹ ግን ለሁለት ከፈሉት፤ ዘፋኙን ወሰዱ፣ መምህሩን ተዉት።

በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ መዝጊያ ላይ «ትሪቲ» ተዘፈነ፤ ዓለም አየ። በየካቲት 2008 ከወላጆቻቸው ለተነጠቁት ትውልዶች ፓርላማ ውስጥ ይቅርታ ተጠየቀ፤ ብዙዎች አለቀሱ። በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት፣ የሰሜኑ ግዛት መንግሥት በትምህርት ቤቶቹ የቀኑ የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆኑ ወሰነ። ከ1973 ጀምሮ በሁለት ቋንቋ ሲያስተምሩ ለነበሩት ትምህርት ቤቶች ምን ቀረ? የደከመ ልጅ የሚያዛጋበት ከሰዓት። «ይቅርታው የካንቤራ፣ ውሳኔው የዳርዊን ነው» የሚል ይኖራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ፊደል ለሚቆጥር የስድስት ዓመት ልጅ ይኼ ልዩነት ምን ይፈይደዋል?

«እንግሊዝኛ እንጀራ ነው» ይሉናል። እንጀራ መሆኑን ማን ካደ? የ1963ቱ አቤቱታ ራሱ በሁለት ቋንቋ አልነበረም እንዴ? የይርካላ ሰዎች እንግሊዝኛን ጠልተው አያውቁም፤ የራሳቸውን ገብረው እንዲገዙት መገደድን ነው እምቢ ያሉት። በሁለት ቋንቋ ማስተማሩን አጥብቀው ይዘው ቆዩ። በ2020 ስምንት ተማሪዎቻቸው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያበቃ ውጤት አመጡ፤ በትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ስምንት ትንሽ ቁጥር ነው፤ እናውቃለን። ግን የገዛ ቋንቋቸው እንዳላደናቀፋቸው ይመሰክራል።

በጥቅምት 2023 አውስትራሊያውያን ነባር ሕዝቦቹ ለፓርላማ ሐሳባቸውን የሚያሰሙበት አካል በሕገ መንግሥት ይቋቋም ወይ ተብለው ተጠየቁ። ከመቶ ስድሳው ያህል «አይሆንም» አለ። ከእነዚህ መካከል «ትሪቲ»ን እየሰማ የጨፈረ የለም ብላችሁ ታምናላችሁ? እኛ አናምንም። ጭፈራ ምንም አያስከፍልም፤ ድምፅ መስጠት ግን ሥልጣን ያካፍላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የባህል በዓል የነባር ሕዝቦች ዘፈን ሲከፈት፣ እኛም እንደ ሌላው እናጨብጭብ፤ ዘፈኑ ደግሞ ጥሩ ነው። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን አዘጋጆቹን አንድ ነገር እንጠይቃቸው፦ ነገ ጠዋት የዘፋኙ ልጅ ክፍል ሲገባ መምህሩ በየትኛው ቋንቋ ነው «እንደምን አደርክ» የሚለው?