ታርጋ ሳይወጣለት ሥራ የጀመረ ባጃጅ

ሐርቡ ላይ አዲስ ባጃጅ ከሩቅ ይታወቃል። የወንበሩ ላስቲክ አልተገፈፈም፣ ቀለሙ ገና አቧራ አልጠገበም፣ ከኋላው ታርጋ የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወርደው ዋና አስፋልት ዳር ሦስት ሰው ጭኖ ሲያልፍ የሚያየው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አያስብም። አንዱ "አልሐምዱሊላህ፣ ይሄ ልጅ ሥራ አገኘ" ይላል። ሌላው "ሰው ገጭቶ ቢሄድስ ማን ብለን ነው የምንፈልገው?" ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው።

የሕጉ መልስ አጭር ነው። በ2002 የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ያልተመዘገበና ሰሌዳ የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዲነዳ አይፈቅድም። ገና በምዝገባ ሂደት ላይ ላለው ደግሞ ተላላፊ ሰሌዳ የሚባል ጊዜያዊ ቁጥር አለ። እንግዲህ በሕጉ ላይ ብዙ የሚያከራክር የለም። የሚያከራክረው ከግዥው ቀን እስከ ሊብሬው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ባጃጁን አስነስቶ የወጣውን ሰው እንዴት እንፍረደው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የባለንብረቱን ወገን እንስማ፤ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም።

ቃሉ ወረዳና አካባቢው ላይ ባጃጅ የሚገዛው በምን ገንዘብ እንደሆነ እናውቃለን። ዕቁብ ወጥቶለት የሚገዛ አለ፤ በሬ ሸጦ፣ ከባንክ ተበድሮ የሚገዛ አለ። ብዙ ጊዜ ደግሞ እህት ናት፤ ጅዳ ወይም ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ብር ነው ሦስት ጎማ አውጥቶ ሐርቡ የሚገባው። የባንኩ ወለድ መቁጠር የሚጀምረው ታርጋው ከወጣ በኋላ አይደለም። ዕቁብተኛውም ሳምንቱ ሲደርስ ዕጣውን ይጠብቃል። እህትየውም በስልክ "ሥራ ጀመረ ወይ?" ትላለች። ባጃጁ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሞ ሳለ "ገና ወረፋ ላይ ነን" ብሎ መመለስ ለአፍም ለልብም ይከብዳል።

ከዚህ በላይ የሚገርመው ምዝገባው ራሱ ባጃጁ መንገድ ላይ እንዲወጣ የሚያስገድድ መሆኑ ነው። መርማሪው በወረቀት ብቻ አይፈርምም። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን በዓይኑ አይቶ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ያመሳክራል፤ ፍሬኑን፣ መብራቱን ያያል። ይህ ደግሞ ተገቢ ነው፤ ዓይን ያላየው ሻንሲ የሌባ ሲሳይ ነው። ግን ሐርቡ ያለ ሰው ባጃጁን በትከሻው ተሸክሞ ኮምቦልቻ አያደርሰውም። ጉዳዩ ደሴ ከሆነማ ከኮምቦልቻ ወዲያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። አይሱዙ ላይ ጭኖ መውሰድ ይቻላል፤ የጫኝና አውራጁን ሒሳብ የከፈለ ያውቀዋል። ደርሶም "ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ" የሚባል ከሆነ ሒሳቡ እጥፍ ነው። (ሲስተም የሚሉት ነገር ከመብራቱ ጋር ነው የሚሄድና የሚመጣው።) ባለ ባጃጁ በዚህ ጊዜ "ቀረጡ ተከፍሎ፣ ደረሰኙ በእጄ ላይ፣ መንግሥት ያላወቀው ምን ነገር አለ?" ቢል አፍ የሚያስይዝ ጥያቄ ነው። ደረቅ ወደቡም ጉምሩኩም እዚያው ኮምቦልቻ ነው ያሉት።

በሌላ ወገን የቆመው ግን መንገደኛው ነው። የሐርቡ መንገድ የሠፈር መንገድ አይደለም። አዲስ አበባን ከሰሜኑ የሚያገናኘው ዋና መንገድ ነው፤ ተሳቢው፣ ሲኖትራኩ፣ አገር አቋራጩ አውቶቡስ የሚወርድበት፣ ከብትና ግመል የሚሻገርበት፣ የትምህርት ቤት ልጆች ጠርዙን ይዘው የሚሄዱበት። እዚህ ላይ ባጃጅ ሰው ነክቶ ቢያመልጥ የዓይን ምስክሩ የሚለው "ሰማያዊ ባጃጅ ነው" ነው። ባጃጁ ሁሉ ሰማያዊ በሆነበት አገር ይህ ምስክርነት አይደለም።

የመድኑ ጉዳይ ይከተላል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መድን ሳይገባ መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላል። መድን በሌለው ወይም ማንነቱ ባልታወቀ ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰውም የመድን ፈንድ አቋቁሟል፤ ተጎጂው ሜዳ ላይ እንዳይቀር ማለት ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ሆኖም ገጪው ባልታወቀበት ጉዳት ፈንዱ ዘንድ ለመድረስ የፖሊስ ሪፖርት፣ ምስክር፣ የሐኪም ማስረጃ ይዞ የሚመላለሰው ያው የተጎዳው ቤተሰብ ነው። ታርጋ ቢኖር ኖሮ በአንድ ቁጥር ያልቅ የነበረ ጉዳይ ነው።

ብዙ ባለንብረት የማያስበው ደግሞ በራሱ ላይ የሚመጣውን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። "ሊብሬው ገና በስሜ አልወጣም" ማለት ያድናል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በዚያው ሕግ ቁጥር 1186 ተንቀሳቃሽ ንብረት ወደ ገዢው የሚተላለፈው በእጁ ሲገባ ነው፤ ልዩ የምዝገባ ሕጎች እንደተጠበቁ ሆነው። ስለዚህ ከሳሽ ባጃጁን ተረክበህ ስትነዳው ነበርና ባለቤቱ አንተ ነህ ብሎ ይከራከራል። መድን ከሌለ ፈንዱም ለተጎጂው የከፈለውን ከባለንብረቱ ሊጠይቅ ይችላል። ያን ጊዜ እህት በዓመታት ያጠራቀመችው ብር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሄድ ይችላል። ታርጋ የሚጠብቀው ተጎጂውን ብቻ ሳይሆን ባለ ባጃጁንም ጭምር ነው።

የጸጥታው ክርክርም ችላ የሚባል አይደለም። በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በተያዙበት ጊዜ መሥሪያ ቤትና ፋብሪካ ተዘርፏል። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ይህን ባየ አካባቢ ኬላ ላይ የቆመ ሰው ቁጥር አልባ ተሽከርካሪ ሲያይ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥርጣሬው ሁሉን በአንድ ላይ የሚያጭድ ሲሆን የሚጎዳው ሰላማዊው ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ በሰኔ 2011 መጨረሻ ሞተር ሳይክሎችን ስትከለክል ምክንያቱ ዝርፊያ ነበር፤ ቤታቸው የቀሩት ግን ፖስታና ዕቃ እያመላለሱ የሚበሉትም ናቸው። ሌባ እንደሆነ ታርጋ ቢጠየቅ የሌላ ሰው ታርጋ ለጥፎ ይመጣል።

ተራ ይዘው የሚሠሩት ነባር ሾፌሮች ደግሞ የራሳቸው ቅሬታ አላቸው። እነሱ ግብር ከፍለው፣ ቦሎ ለጥፈው፣ ለማኅበር አዋጥተው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ትናንት የመጣው ከተራ ውጪ ጭኖ ይሄዳል። ከፊሉ ቅናት ነው፤ አዲስ ገቢ መቼም አይወደድም። ከፊሉ ግን እውነተኛ ፍርድ ነው።

ሌላው ዓለም ከግዥ እስከ ምዝገባ ያለውን ይህን ክፍተት እንዴት እንደሞላው ማየት ይጠቅማል። ጀርመን ቢበዛ 5 ቀን የሚያገለግል አጭር ሰሌዳ ትሰጣለች። መድን ሳይገባ አይሰጥም፤ የሚያበቃበት ቀንም ሰሌዳው ላይ ታትሟል፤ ፖሊስ ጊዜው ማለፉን ከሩቅ ያነባል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የባጃጅ የትውልድ አገር ሕንድ ናት። በ1989 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የሕንድ የሞተር ተሽከርካሪ ደንብ አንቀጽ 42 ነጋዴው ጊዜያዊም ሆነ ቋሚ ምዝገባ ሳይኖር ተሽከርካሪውን ለገዢው እንዳያስረክብ ይከለክላል። ይህ አንድ አረፍተ ነገር ሸክሙን ከገዢው ትከሻ አንሥቶ ሻጩ ላይ ያደርገዋል። ሻጩ ዲክላራሲዮኑ በእጁ ነው፣ ቢሮውን ያውቀዋል፣ በወር ብዙ ይሸጣል። አንድ ጊዜ በሕይወቱ የሚገዛው የሐርቡ ልጅ ይህን ሁሉ ከዜሮ ይማራል።

እውነቱን ለመናገር ከአዲሱ ይልቅ አሮጌው ያስፈራኛል። ከሰው እጅ የተገዛ መኪና ስም ሳይዛወር በውክልና ለዓመታት ሲነዳ ታርጋ ስላለው ማንም አያስቆመውም። ሆኖም ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 ነው። ወራሾች መጥተው "የአባታችን መኪና" ሲሉ ገዢው ያለው የተጨማደደ ውል ብቻ ነው። ታርጋ የሌለው አዲስ ባጃጅ ጉድለቱ ፊት ለፊት የሚታይ ነው፤ የዚህኛው ግን ተደብቋል።

ሁሉንም በሚዛን ሳስቀምጠው ባጃጁን አስነስቶ ወደ ምርመራ የሚሄድና ባጃጁን አስነስቶ ገበያ የሚያመላልስ ሰው አንድ አይደሉም ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ሕጉ ራሱ የላከው መንገደኛ ነው። በቀን፣ ባዶውን፣ ተላላፊ ሰሌዳውን ለጥፎ፣ ሦስተኛ ወገን ገብቶ፣ ዲክላራሲዮኑንና ደረሰኙን ይዞ ከሄደ ሊመሰገን እንጂ ሊቀጣ አይገባውም። ተላላፊውን ለማውጣት ወረፋው ከዋናው ታርጋ እኩል የሚረዝም ከሆነ ግን ጥፋቱ የቢሮው ነው፤ ተላላፊ ሰሌዳ በዕለቱ የማይሰጥ ከሆነ ትርጉም የለውም። ሁለተኛው፣ ተሳፋሪ የሚጭነው፣ ችግሩ ቢገባኝም ልደግፈው አልችልም። የዕቁቡ ዕዳ የእሱ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠችው እናት ግን ያ ዕዳ የለባትም፣ መድን እንደሌለውም አልነገራትም።

ኮምቦልቻና ደሴ ያላችሁ ሻጮች፣ ማንም ሳያስገድዳችሁ ባጃጅን ከተላላፊ ሰሌዳው ጋር ማስረከብ ጀምሩ፤ ደንበኛ የሚያመጣላችሁ እንጂ የሚያሳጣችሁ አይደለም። ገዢ ወንድሜም ቀብድ ከመክፈልህ በፊት "ተላላፊውን ማን ያወጣል? በስንት ቀን?" ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም ውሉ ላይ አስጽፈው።