ለቤት መዝገብ የሚሆን ደብተር ስለ መምረጥ

በየቤቱ አንድ ደብተር አለ። በዚህም ደብተር የልጆች የልደትና የክርስትና ቀን፥ ያበደሩትና የተበደሩት ገንዘብ፥ የሠራተኛ ደመወዝ፥ የዕቁብና የእድር መዋጮ፥ አንዳንድ ጊዜም የኑዛዜ ቃል ይጻፍበታል። ደብተሩን የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ወደ ገበያ የተላከ ሰው ነው፤ እርሱም የሚመለከተው የሽፋኑን ማማርና የዋጋውን ማነስ ብቻ ነው። ክቡራን አንባቢዎቻችን ለብዕራቸው ያወጡትን ገንዘብ ለደብተራቸው ካወጡት ጋራ ቢያስተያዩት የምንለውን ነገር ያለ ብዙ ቃል ይረዱታል። ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት ለመጻፍ ያነሣሣን በምናውቀው አንድ ቤት የሆነ ነገር ነው።

የዚያ ቤት አባት ጽሕፈት የሚወዱ፥ ፋውንቴን ፔን የሚባለውን ቀለም የሚሞላ ብዕር ከደረት ኪሳቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። ካረፉ በኋላ ውርስ በሚከፋፈልበት ጊዜ መዝገባቸው ቀረበ፤ የታላቁ ልጅ ስም ከተጻፈበት መስመር ቀጥሎም «ለቤት ማሠሪያ 60,000 ብር ወሰደ» የሚል ቃል ተገኘ። ታናሹ ይህንን አይቶ «ገንዘቡን የወሰደው ታላቄ ብቻ ነውና ከድርሻው ይታሰብ» አለ። ታላቁም «ከደ ጎን ያለችውን ጭረት አታይምን? ቃሉ ወሰዱ ነው የሚለው፤ አንተም ከኔ ጋራ ተካፍለሃል» ሲል መለሰለት። በእውነትም ከፊደሉ ጎን አንዲት ትንሽ ምልክት ትታይ ነበር። ነገር ግን ወረቀቱ ቀለም የማይችል ስለ ነበረ፥ በስተኋላው ገጽ የተጻፈው ሁሉ ወደ ፊት አልፎ ይታያል፤ ስለዚህ ያች ምልክት የአባታቸው እጅ ያደረጋት ትሁን፥ ወይም ከበስተኋላ ያለፈች የቀለም ነጥብ ትሁን፥ የሚለይ ሰው ጠፋ። ሽማግሌዎች አራት ጊዜ ከተቀመጡ በኋላ ከታላቁ ድርሻ የገንዘቡን እኩሌታ ቀንሰው ነገሩን ዘጉት። ሁለቱም ፈርመው ወጡ፤ በዚያ ዓመት ፋሲካ ግን አንዱ ከአንዱ ቤት አልገባም። ከሁለቱ አንዱ እውነቱን ሳያውቅ አልቀረም ይባል ይሆናል። ደብተር የሚያስፈልገው ግን ስለዚሁ ነው።

የኛ ፊደል ከሌላው ይልቅ ጥሩ ወረቀት ይሻል ብንል ከእውነት የራቅን አይሆንም። ግእዙን ደ ከካዕቡ ዱ፥ ዱንም ከዲ የሚለየው የአንዲት አጭር ጭረት መኖርና የምታርፍበት ቦታ ነው። በአኃዝም ቢሆን ፮ና ፯ በደንብ ካልተጻፉ እንደሚያሳስቱ መዝገብ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀቱ ቀለሙን ጠጥቶ ወደ ጎን የበተነው እንደ ሆነ፥ ጭረቲቱ ከፊደሉ ጋራ ተዋሕዳ ትቀራለች፤ እጅ ጽሕፈቱ የቱንም ያህል ቢያምር አያድናትም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት እንዲህ ነው። ወረቀት የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከእንጨት፥ አንዳንዱም ከጥጥ ከሚገኝ ቃጫ ነው፤ ቃጫም በተፈጥሮው ውሃ ይጠጣል። የፋውንቴን ፔን ቀለም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ወረቀት ሠሪዎች ቀለሙ ከላይ እንዲቀመጥ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይቀላቅሉበታል ወይም ይቀቡታል። በጥንት ጊዜ በአውሮፓ ይህ ሙጫ ከእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነበረ። በ1807 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢሊግ የሚባል ጀርመናዊ ከዛፍ ሙጫና ከአሉም የሚደረገውን ርካሹን ዘዴ አሳተመ፤ ነገር ግን ይህ ዘዴ በወረቀቱ ውስጥ አሲድ ስለሚያስቀር፥ ብዙ መጻሕፍት ከጊዜ በኋላ ቡናማ እየሆኑ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባበሩ። ኬለር የተባለው ሌላው ጀርመናዊ በ1844 ገደማ እንጨትን ፈጭቶ ወረቀት የማድረግን ዘዴ ካወጣ ወዲህም ዋጋው እጅግ ረከሰ፤ የዚህ ወረቀት ጠባይ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ መሆን ነው። ይህንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ይህንኑ ጋዜጣ በመስኮት አጠገብ ጥቂት ሳምንት ማኖር ይበቃል።

ቢሮ የሚባለው የሃንጋሪ ተወላጅ በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኳስ ያለውን እስክሪብቶ በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የዚያ እስክሪብቶ ቀለም እንደ ቅባት የወፈረ ስለ ሆነ በማናቸውም ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ርካሹ የተማሪ ደብተር ለእርሱ የሚበቃ ሲሆን ለፋውንቴን ፔን የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰዎች ወፍራም ወረቀት ሁሉ ጥሩ ይመስላቸዋል። እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። የወረቀት ውፍረት የሚነገረው በክብደቱ ሲሆን፥ ይኸውም አንድ ሜትር ካሬ የሚመዝነው ግራም ነው። የተለመደው የቢሮ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ቀለም ይበትናል። ቶሞኤ ሪቨር የሚባለው የጃፓን ወረቀት ግን በ52 ግራም ስስነቱ ቀለም ሳያሳልፍ በመያዝ የታወቀ ነው፤ በእርግጥ የበስተኋላው ጽሕፈት እንደ ጥላ ይታይበታል፤ ቀለሙም ቶሎ አይደርቅም። ለቤት መዝገብ የምንመርጠው እንደ ፈረንሳዩ ክሌርፎንቴን ያለውን 90 ግራም ለስላሳ ወረቀት ነው፤ ጥላውም ያንሳል። እንዲህ ያለው ባይገኝ ስሙን ትቶ ጠባዩን መፈለግ ነው።

ጠባዩም በመርካቶ ቢሆን በፒያሳ በሱቁ ባንኮኒ ላይ ሊፈተን ይችላል። ደብተር ለመግዛት የሚሄድ ሰው የራሱን ብዕር የዘወትር ቀለሙን ሞልቶ ይያዝ፤ ባለ ሱቁንም «ጌታዬ፥ በመጨረሻው ገጽ አንድ መስመር ልጻፍበት» ብሎ ይለምን። የማይፈቅድ ቢሆን አንድ ደብተር ብቻ ገዝቶ በቤቱ ይፈትን፤ ደርዘን የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ሲፈትንም ደ፥ ዱ፥ ዲ፥ ዳን፥ ቀጥሎም ፮ና ፯ን አሳንሶ ይጻፍ፤ አንዲት ነጥብም ብዕሩን እስከ ሦስት እየቆጠረ አሳርፎ ያድርግ። የፊደሉ ጠርዝ እንደ ሸረሪት ድር ከተበተነ ደብተሩን ይመልስ። ከዚያም ገጹን ገልብጦ ነጥቢቱ አልፋ እንደ ሆነ ይመልከት። ቀለሙ የሚደርቅበትንም ጊዜ መጠበቅ ያሻል፤ እጅግ ለስላሳ በሆነ ወረቀት ላይ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ሊቆይ ይችላልና። በግራ እጁ የሚጽፍ ሰው መዳፉ በጻፈው ላይ ስለሚያልፍ ይህን ቸል ቢል እጀ ጠባቡን ያቆሽሻል።

ስለ ጥራዙ ከአባቶቻችን የምንማረው አለ። የአገራችን ጸሓፊዎች የፍየልና የበግ ብራና ፍቀው፥ በመቃ ብዕር ጽፈው፥ ቅጠሎቹን በክር ሰፍተው በእንጨት ገበታ ያስይዙ ነበር፤ መጽሐፉም በቆዳ ማኅደር ይኖር ነበር። በዚህ ሁኔታ የተሠሩ መጻሕፍት ብዙ መቶ ዓመት ቆይተው ዛሬም ይነበባሉ። ስለዚህ ደብተሩን በመካከሉ ገልጦ የስፌቱን ክር መፈለግ ይገባል። ጀርባው በሙጫ ብቻ የተጣበቀ ደብተር ብዙ ሲገለጥ ቅጠሉን ያራግፋል። በሽቦ የተያዘው ደግሞ ለመጻፍ የሚመች ቢሆንም፥ አንድ ቅጠል ተቀድዶ ሲወጣ ምልክት አይተውምና ለሒሳብ መዝገብ አይሆንም። ደብተሩ የገጽ ቁጥር የሌለው ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ገጹን ሁሉ በእጅ መቁጠር ያስፈልጋል።

የአባቶች ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚዘጋጅ ስለ ሆነ ፀሐይ አያጠፋውም። ይሁን እንጂ እርሱን በፋውንቴን ፔን ውስጥ መጨመር አይገባም፤ ጥላሸቱ የብዕሩን መውረጃ ይደፍነዋል። በገበያ ከሚገኙት የፋውንቴን ፔን ቀለሞች ይታጠባል የሚል የተጻፈበት ሰማያዊ ቀለም ለልጆች ትምህርት ደግ ነው፤ ለመዝገብ ግን አንድ ስኒ ውሃ ቢፈስበት ያልቃል። ከብረት ጨውና በዛፍ ላይ ከሚበቅል እብጠት የሚገኘው ቀለም ሲጻፍ ደብዝዞ፥ አየር ሲያገኘው እየጠቆረ ወረቀቱን ይይዛል፤ በእንግሊዝ አገር የልደትና የጋብቻ መዝገብ የሚጻፈው እንዲህ ባለው ቀለም ነበር። ይህን የሚጠቀም ሰው ቀለሙ በብዕሩ ውስጥ እንዲደርቅ ሳይተው ቶሎ ቶሎ በውሃ ይጠበው።

ደብተሩን የሚገዛው ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ አስቦ የሆነ እንደ ሆነ፥ ከወረቀቱ መግለጫ አይሶ 9706 የሚለውን ቁጥር ይፈልግ። ይህ በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ የዓለም አቀፍ ደረጃ ሲሆን፥ አሲድ የሌለበትና አሲድን የሚመክት ኖራ መሰል ነገር ያለበት ወረቀት ማለት ነው። ምልክቱም በክብ ውስጥ በጎኑ የተኛ 8 ቁጥር ይመስላል።

አሮጌው መዝገብ በክፉ ወረቀት ላይ ተጽፎ የሚገኝ ቢሆን፥ የደበዘዘውን ፊደል በአዲስ ቀለም ደግሞ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ኋላ የመጀመሪያውን እጅ ከሁለተኛው የሚለይ አይኖርም። ጸሓፊው በሕይወት ሳለ እርሱ እያነበበ በአዲሱ ደብተር ይገልበጥ፤ አጠራጣሪ የሆነው ቃልም እርሱ እንደ ተናገረው ሳያጥር ይጻፍ፥ ማለት «ወሰዱ» ብቻ ሳይሆን የወሰዱት ሰዎች ስም ከነአባታቸው፥ ከቀኑና ከምስክሮቹ ፊርማ ጋራ። አሮጌውም ደብተር አይጣል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ እርጥበት በሌለበት ሣጥን ይቀመጥ።